ነጭ ልብስ፥ ጠይም ፊትና የሐይቅ ዳር ፀሓይ



በአገራችን የሰርግ ወራት የታወቀ ነው። ጥምቀት በዋለ ማግስት፥ ጥር 12 ቀን፥ ቤተ ክርስቲያን ጌታችን በቃና ዘገሊላ ሰርግ ላይ ተገኝቶ ውሃውን ወደ ወይን ጠጅ የለወጠበትን ተአምር ስታከብር የሰርጉ ከበሮ በየሰፈሩ ይሰማል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ዝም ይላል፤ ከትንሣኤ በኋላ ደግሞ እንደገና ይቀጥላል። ይህን ሥርዓት የሠሩት አባቶች ስለ ፎቶግራፍ አስበው እንዳልሠሩት ግልጥ ነው፤ ሆኖም ሥርዓታቸው እኛን ፎቶ አንሺዎቹን ከዓመቱ ሁለት ብርቱ ብርሃኖች ጋራ ያጋጥመናል። የጥር ሰማይ ደመና የማይታይበት፥ ጨረሩን የሚያለዝብ ምንም ነገር የሌለበት ጥርት ያለ ሰማይ ነው። ሚያዝያ ሲጠባ ደግሞ በሐዋሳና በላንጋኖ አካባቢ ፀሓይ በቀትር በአናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ያን ጊዜ ቅንድብ በዐይን ላይ፥ አፍንጫም በከንፈር ላይ ጥላውን ይጥላል። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ የሚውል ስለ ሆነ ከፋሲካ ማግሥት ጀምሮ የሚደገሰው ሰርግ ከዚህች ፀሓይ አያመልጥም። ስለዚህ ዛሬ እንድናገርበት ስለ ተጋበዝሁበት ጕዳይ፥ ይኸውም በሐይቅ ዳር ስለሚደረግ ሰርግና በብርቱ ፀሓይ መጠነ ብርሃንን ስለ መወሰን፥ ንግግሬን ከካሜራው አስቀድሜ ከባሕረ ሐሳቡ ብጀምር አትፍረዱብኝ።

መርዓዊና መርዓት ተክሊል ከተደረሰላቸው ወይም በማዘጋጃ ቤት ከፈረሙ በኋላ ሚዜዎቻቸውን አስከትለው ወደ ውሃ ዳር የመውረድ ልማድ በዘመናችን እየሰፋ ሄዷል። የሐዋሳ ሰው ወደ ፍቅር ሐይቅ ይወርዳል፤ የባሕር ዳር ሰው ወደ ጣና፤ የአዲስ አበባ ሰው ቅርብ ቅርቡን ሲፈልግ ቢሾፍቱ፥ አሸዋ ሲያምረው ደግሞ ላንጋኖ ድረስ ይዘልቃል። አንዳንዶችማ ቃል ኪዳናቸውን ራሱን በአሸዋው ላይ፥ በአበባ በተሠራ ቅስት ሥር ይፈጽማሉ። ይህ የባዕድ ልማድ ነው ብለው የሚነቅፉ ሽማግሌዎች ሞልተዋል፤ እኔ በበኩሌ ነቀፌታቸውን ባከብርም አልከተለውም፤ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን የጠራው በገሊላ ባሕር ዳር ነበርና ውሃ ዳር ለቃል ኪዳን የማይገባ ስፍራ ነው ለማለት አልደፍርም። የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ከውሃ ዳር የሚመጡልንን የሰርግ አልበሞች ስንገልጥ፥ ወይ የሙሽራዪቱ ቀሚስ ጥልፉና እጥፋቱ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ወይም ልብሱ ደኅና ወጥቶ የሙሽራው ፊት ዐይኑና ቅንድቡ እስከማይለይ ድረስ ጠቁሮ ይታየናል። ሁለቱም ጕዳቶች የሚመጡት ከአንድ ምክንያት ነው፤ ምክንያቱም የመሣሪያ ማነስ አይደለም።

በዚያ በሐይቁ ዳር በሰርገኛው መካከል ቆሞ ሁሉን የሚመለከት ሰው የሙሽራውን ፊት፥ የቀሚሱን ጥልፍ፥ የውሃውን ብልጭታና የዛፉን ጥላ ያለ ድካም ያያል። ይህ የሚሆነው ዐይነ ሥጋ ብቻውን ስለሚያይ አይደለም፤ ዐይን ከአንዱ ወደ ሌላው በተዘዋወረ ቍጥር ብሌኑ እየጠበበና እየሰፋ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ልክ ስለሚወስድ፥ አእምሮም የተሰበሰበውን ሁሉ አስማምቶ አንድ ሥዕል ስለሚያደርገው ነው። ካሜራ ግን ይህ ጸጋ አልተሰጠውም። በአንዲት ሴኮንድ 250ኛ እጅ ውስጥ ፊቱንም፥ ልብሱንም፥ ውሃውንም በአንድ ልክ ይቀበላል፤ ለአንዱ የተስማማው ለሌላው የማይስማማ ቢሆን ግድ የለውም። በጠራ ሰማይ ሥር የቀትር ፀሓይ ወደ 100,000 ሉክስ ይደርሳል፤ በቢሮ ውስጥ የምናነብበት ብርሃን ግን ጥቂት መቶ ሉክስ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ብርሃን በነጭ ጨርቅ ላይ ወርዶ ጥቍር ሱፍ በጥላ ሲቀር በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው ርቀት ምን ያህል ሰፊ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

አሁን ወደ መለኪያው እንምጣ፤ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ያለው እዚህ ነውና። በካሜራው ውስጥ የተሠራው መለኪያ የሚያየው ከነገሩ ላይ ተንጸባርቆ የሚመጣውን ብርሃን ብቻ ነው። ከፊቱ ያለው ነጭ ይሁን ጥቍር፥ ሙሽራ ይሁን ግድግዳ፥ አያውቅም። ሠሪዎቹ የሰጡት አንድ ትእዛዝ አለ፤ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ እንዲያመጣ ነው፤ ይህም ግራጫ ከወደቀበት ብርሃን 18 ከመቶውን መልሶ የሚያንጸባርቅ ነው ተብሎ በሞያችን የተለመደው ነው። ስለዚህ መለኪያውን በነጭ ጨርቅ ላይ ብቻ ብታነጣጥሩት ጨርቁን ግራጫ ያደርገዋል፤ በጥቍር ካባ ላይ ብታነጣጥሩትም ካባውን ያንኑ ግራጫ ያደርገዋል። ደረቅና ነጣ ያለ አሸዋ ከሚወርድበት ብርሃን ከሲሶ በላይ ይመልሳል፤ ውሃም ፀሓይ በተዘቀዘቀች ጊዜ መስተዋት ይሆናል። ይህ ሁሉ በሥዕሉ ውስጥ ሲሞላ መለኪያው «ብርሃን በዛ» ብሎ በሩን ይዘጋል፤ የሙሽሮቹም ፊት በጨለማ ይቀራል። ጀማሪዎችን ሁልጊዜ የሚያስገርማቸው ይህ ነው፤ ቦታው ይበልጥ በበራ መጠን ሥዕሉ ይበልጥ ይጠቁራል።

ሊቃውንቱ ይህን እንቆቅልሽ ለመፍታት ብዙ ደክመዋል፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ፈርዲናንድ ኸርተርና ቬሮ ድሪፊልድ የተባሉ ሁለት ሰዎች፥ አንዱ የኬሚስትሪ ሊቅ አንዱ መሐንዲስ፥ የብርሃኑ መጠንና የሥዕሉ ጥቍረት በምን ሕግ እንደሚተሳሰሩ መርምረው በ1890 አሳተሙ። በብርሃን ኃይል የሚሠራው የኤሌክትሪክ መለኪያ ግን ወደ ገበያ የወጣው በ1932 ነው፤ ዌስተን የተባለው ኩባንያ ነው ያወጣው። ከዚያ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ በልምድ ይሠሩ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ነጭ ሸማና ጠይም ፊት በአንድነት ሲያነሣ እንዲህ ያለ መለኪያ በእጁ አልነበረውም፤ ፍርዱ በራሱ ላይ ነበር። ወደ 1940 ግድም ዶን ኖርውድ የተባለ አሜሪካዊ ከነገሩ የሚመለሰውን ብርሃን መለካት ትቶ በነገሩ ላይ የሚወርደውን ብርሃን በነጭ ጕልላት የሚለካ መሣሪያ አበጀ፤ አንሰል አዳምስና ፍሬድ አርቸርም በዚያው ዘመን በሎስ አንጀለስ ከድቅድቅ ጥቍር እስከ ባዶ ነጭ ያለውን ርቀት ከ0 እስከ 10 በደረጃ ከፍለው ለተማሪዎቻቸው አስተማሩ። ኋላም በ1983 ኒኮን ኤፍኤ የተባለው ካሜራ ሥዕሉን በክፍል በክፍል እያየ የሚፈርድ መለኪያ ይዞ መጣ፤ ዛሬ በእጃችን ያሉት ካሜራዎች ሁሉ የዚያ ልጆች ናቸው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ጥበብ ቢጨመርም መለኪያው ከፊቱ የቆመችው መርዓት መሆንዋን እስካሁን አያውቅም።

በነገራችን ላይ ነጩ የሰርግ ቀሚስና ፎቶግራፍ እኩዮች ናቸው። ዳጌር የተባለው ሰው የፈጠረው የፎቶግራፍ ስልት ለዓለም የተነገረው በ1839 ነው፤ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶርያ ነጭ ለብሳ ያገባችው በየካቲት 1840 ነው። ከርስዋ በፊትም ነጭ ለብሰው ያገቡ ነበሩ፤ ልማዱ ዓለምን ያዳረሰው ግን ከርስዋ ወዲህ ነው፤ እኛም ዛሬ ቬሎ የምንለውን ከዚያ ወረስን። ለእኛ ግን ነጭ ልብስ ከቬሎ አስቀድሞ ነበረን። በእጅ የተፈተለው ሸማ፥ ጥበቡ ከጫፉ የወጣው ቀሚስ፥ ነጠላው፥ ሁሉም ፀሓይ ሲያርፍባቸው ከወረደው ብርሃን አብዛኛውን የሚመልሱ ናቸው። ስለዚህ ነጭ ልብስና ጠይም ፊት በአንድ ሥዕል ውስጥ መገናኘታቸው ለእኛ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ችግር ሳይሆን የየዕለት ሥራችን ነው።

የውጭ አገር ሰዎች ግን ሥራቸውን የጀመሩት ከሌላ ፊት ነበር። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ኮዳክ ፊልም ለሚያጥቡ ቤቶች አንዲት ነጭ ሴት የተነሣችበት የማመሳከሪያ ካርድ ይልክ ነበር፤ የመጀመሪያዪቱ ሴት ስምዋ ሸርሊ ስለ ነበረ ካርዱ በስምዋ ተጠራ። የሸርሊ ገጽ ልክ ሆኖ ሲታተም ቀለሙ ሁሉ ልክ ሆነ ይባል ነበር። በአንድ ሥዕል ውስጥ ነጭና ጥቍር ሰዎች ሲቆሙ የጥቍሮቹ ፊት ዐይንና ጥርስ ብቻ ሆኖ ቢወጣ እንደ ስሕተት የሚቈጥረው ብዙ አልነበረም። ልዩ ልዩ ገጽ ያላቸው ሴቶች በአንድነት የታዩበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ ነው። ይህን የማነሣው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም፤ የወረስነው መሣሪያም፥ የወረስነው መጽሐፍም፥ «ፊት ከግራጫው በአንድ ደረጃ ይብራ» የሚለው የመጽሐፉ ምክርም ለማን ፊት እንደ ተጻፈ አውቀን እንድንጠቀምበት ነው። ይህን ምክር ለጠይም ሙሽራ ቃል በቃል የፈጸመ ሰው ፊቱን ያነጣዋል፤ ልብሱንም ያጠፋዋል።

እንግዲህ የእኔን አሳብ በግልጥ ልናገር። በሐይቅ ዳር ሰርግ ላይ ፎቶ አንሺው ከሁሉ አስቀድሞ ማድረግ ያለበት ፊትና ልብስ በአንድ ዓይነት ብርሃን ውስጥ እንዲቆሙ ማድረግ ነው። ሁለቱም በፀሓይ ውስጥ ከሆኑ፥ ወይም ሁለቱም በጥላ ውስጥ ከሆኑ፥ በጠይም ፊትና በነጭ ሸማ መካከል ያለው ርቀት ሦስት ደረጃ ያህል ነው፤ ፎቶ አንሺዎች ስቶፕ የምንለውን ማለቴ ነው። በአዳምስ አቈጣጠር ፊቱ 5ኛው ወይም ከ5ኛው ጥቂት ዝቅ ያለ ደረጃ ላይ ሲቀመጥ ጥልፉና እጥፋቱ የሚታይ ነጭ ልብስ 8ኛው ደረጃ ላይ ያርፋል፤ ይህንንም ማንኛውም የዘመኑ ካሜራ ያለ ጭንቅ ይሸከመዋል። ፊቱ በጥላ ልብሱ በፀሓይ ከሆነ ግን ርቀቱ ወደ ስድስት ወይም ሰባት ደረጃ ያድጋል፤ ያን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ መጐዳቱ አይቀርም። ካሜራውን ከፍ ባለ ገንዘብ ከመለወጥ ሙሽሮቹን ሁለት እርምጃ ማንቀሳቀስ ይበልጣል።

መለኪያውን በራሱ ፈቃድ የተወ ሰው የሚደርስበትንም በዚሁ ሒሳብ ማየት ይቻላል። ካሜራው ነጩን ልብስ ወደ 5ኛው ደረጃ ሲጐትተው ፊቱ አብሮ ሦስት ደረጃ ወርዶ 2ኛው ላይ ይወድቃል፤ በዚያ ስፍራ የፊት መስመር አይለይም። ስለዚህ አሸዋና ውሃ ሥዕሉን በሞሉት ጊዜ ካሜራው ከሚለው ላይ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ መጨመር ግድ ነው። ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልግ ሰው መለኪያውን በነጥብ ብቻ እንዲያይ አድርጎ ፀሓይ በመታው የልብሱ ክፍል ላይ ያነጣጥር፤ ከሚያገኘውም ላይ ሁለት ደረጃ ወይም ሁለት ተኩል ያህል ይጨምር፤ ልብሱ በስፍራው ሲቀመጥ ፊቱ ማንም ሳይነካው በራሱ ስፍራ ይቀመጣል። ሌላም ቀላል መንገድ አለ። የእጅ መዳፍ የሰውዬው መልክ ምንም ቢሆን ከግራጫው በአንድ ደረጃ ያህል የበራ ነው፤ መዳፋችሁን ሙሽሮቹ በቆሙበት ብርሃን ውስጥ ዘርግታችሁ ለኩ፤ አንድ ደረጃም ጨምሩ። የኖርውድን ዓይነት ጕልላት ያለው መለኪያ ያለው ሰው ደግሞ ከፊታቸው አቁሞ ወደ ካሜራው አዙሮ ያንብበው፤ የሚወርደውን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ በሸማ ንጣት አይታለልምና።

ፊልም ያነሣ የነበረ የዕድሜ ባለጸጋ ባልደረባችን «እኛ እኮ ብርሃን ቢበዛም አንፈራም ነበር» ቢላችሁ እውነቱን ነው። የኔጋቲቭ ፊልም የበዛን ብርሃን በትዕግሥት ይሸከም ነበር፤ የሚጐዳው ያነሰ ብርሃን ነበር። የዲጂታል ካሜራ ጠባይ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ብርሃንን የሚቀበሉት ገንቦ ውሃን እንደሚቀበል ነው፤ ከአፍ እስከ ገደፉ ከሞላ በኋላ የሚጨመረው ሁሉ ይፈስሳል፤ የፈሰሰውንም በኮምፒዩተር መመለስ አይቻልም። ስለዚህ የጠፋ ጥልፍ ለዘለዓለም ጠፋ፤ በጥቂቱ የጠቈረ ፊት ግን በሮው ፋይል ከተነሣ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። በካሜራው ጀርባ ላይ ያለውን ስክሪን በፀሓይ ውስጥ አትመኑት፤ በዚያ ብርሃን ሁሉም የጨለመ መስሎ ይታይና ሳይገባ ያስጨምራችኋል። የሚታመነው የብርሃኑን ስርጭት በተራራ መልክ የሚያሳየው ሂስቶግራሙ ነው፤ የተራራው ጫፍ ወደ ቀኙ ግድግዳ ተጣብቆ ከታየ፥ ብልጭ ድርግም የሚለውም ምልክት በቀሚሱ ላይ ከመጣ፥ ወዲያው መቀነስ ነው። ብልጭታው በውሃው ማዕበል ላይ ብቻ ከሆነ ግን ተዉት፤ ፀሓይ የምትጫወትበት ውሃ ነጭ መሆኑ ማንንም አይጐዳም።

መለኪያ ሁሉ ቢጠፋ እንኳ ከአያቶቻችን ዘመን የተረፈች አንዲት ሕግ አለች። በጠራ ፀሓይ የሌንሱን ቀዳዳ 16 ላይ አድርጉ፤ የሸተሩን ፍጥነት ከአይኤስኦው ቍጥር ጋራ አስተካክሉ፤ ይኸውም አይኤስኦ 100 ከሆነ ከሴኮንድ 125ኛው እጅ ማለት ነው። አሸዋውና ውሃው እጅግ ባንጸባረቀ ጊዜ ቀዳዳውን ወደ 22 ማጥበብ ይቻላል። በዋርካና በሾላ ጥላ ሥር፥ ሰማይ ከፊት ገልጦ በሚታይበት ስፍራ፥ ከ16 ወደ 4 ግድም ይወርዳል፤ አራት ደረጃ ልዩነት ነው። የጠቀስኋቸው ሐይቆች ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍ ብለው የተቀመጡ ናቸውና አየሩ ስስ ነው፤ በዚህ ምክንያት በፀሓይና በጥላ መካከል ያለው ድንበር ከቈላው የባሕር ዳርቻ ይልቅ ይጠነክራል፤ ጥላውም ከላይ ካለው ሰማይ ወስዶ ሰማያዊ ይመስላል።

ይህ ሁሉ የካሜራ ነገር ነው፤ ከካሜራው የሚበልጠው ግን ሰዓቱና አቅጣጫው ነው። በእነዚህ ሐይቆች ዳር ፀሓይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች፤ በጥር ወር በሐዋሳ 12 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ወደ ምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆንን አወራረዷ ቀጥ ያለ ነው፤ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ትወርዳለች፤ ከጠለቀችም በኋላ ያለው ድንግዝግዝታ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ስለዚህ አውሮፓውያን በመጻሕፍታቸው ወርቃማው ሰዓት የሚሉት እነሱ ዘንድ በበጋ ረዥም ጊዜ ሲቆይ እኛ ዘንድ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ይህን ሳያውቅ «ገና ነው» እያለ የቈየ ፎቶ አንሺ ሙሽሮቹን አሰልፎ ሳይጨርስ ይመሽበታል።

አቅጣጫውስ? የሐዋሳ ከተማ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ዳር ናት፤ ስለዚህ በሠርክ ሰዓት ወደ ሐይቁ ፊቱን ላዞረ ሰው ፀሓይ በውሃው ላይ ትጠልቅለታለች። ሙሽሮቹ ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጥተው ከቆሙ ብርሃኑ ከኋላቸው ይመጣል፤ የነጠላው ጠርዝና የጸጉሩ ዳር በወርቅ መስመር ይከበባል፤ ፊታቸው ግን በራሳቸው ጥላ ውስጥ ነው። በላንጋኖ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ መንገድ ወደ ሐይቁ የሚገቡት መዝናኛዎች አብዛኞቹ በምዕራቡ ዳር ናቸው፤ በዚያ ፀሓይ ከውሃው የምትወጣው በነግህ ነው፤ በሠርክ ደግሞ ከፎቶ አንሺው ጀርባ በየብሱ ላይ ትጠልቃለች። ሙሽሮቹ ያን ጊዜ ብርሃኑን ፊት ለፊት ስለሚቀበሉ ፊትና ልብስ በአንድ ብርሃን ውስጥ ይሆናሉ፤ ዐይናቸውን ግን ያጠብባሉ፤ መፍትሔው ጥቂት ወደ ጐን ማዞር ነው። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ መሆኑም የሚረሳ አይደለም፤ ከታች የሚመልሰው ብርሃን ሞቅ ያለ ቀለም አለውና ነጩን ልብስ በጥቂቱ ያቀላዋል፤ እኔ ይህን አላርመውም፤ የላንጋኖ መታወቂያው ነው። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም ይኸው ሒሳብ ይገዛቸዋል፤ በሳንታ ሞኒካና በቴል አቪቭ ዳርቻ ፀሓይ በባሕሩ ላይ ትጠልቃለች፤ በማያሚ ቢች ግን ከባሕሩ ትወጣለች። በሎስ አንጀለስ በሰኔ ወር ፀሓይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ስለ ሆነ፥ አገር ቤት ለምዶ የሄደ ባለሞያ ሰዓቱን እንደገና ይማር።

ሰርገኛው ግን ፀሓይን አይጠብቅም፤ መኪናው በ7 ሰዓት ውሃው ዳር ከደረሰ እዚያው ሥራ መጀመር ግድ ነው። ያን ጊዜ የመጀመሪያው መጠጊያ የዛፍ ጥላ ነው፤ ከጥላው ጠርዝ አጠገብ፥ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረው ይቁሙ። በቅጠሉ መካከል ሾልኮ የሚወርደውን የብርሃን ነጠብጣብ ግን ሽሹት፤ በጕንጭ ላይ ከወደቀ ምንም አያነሣውም። ጥላ በሌለበት አሸዋ ላይ ከሆናችሁ አሸዋውን ራሱን ተጠቀሙበት፤ ፀሓይ የመታው ደረቅ አሸዋ ከታች ወደ ላይ ብርሃን ስለሚመልስ ከቅንድብና ከአገጭ ሥር ያለውን ጥላ ያለዝበዋል። ውሃ የነካው አሸዋ ጠቈር ያለ ስለ ሆነ ይህን አያደርግም፤ ስለዚህ ከውሃው ጠርዝ ጥቂት ራቅ ብለው ይቁሙ። የባለሞያ ሪፍሌክተር የሌለው ሰው ከሚዜዎቹ አንዱን ነጭ ጋቢ ዘርግቶ በጐን እንዲቆም ቢለምነው ሥራው ይሠራል፤ ሚዜውም ሥራ በማግኘቱ ደስ ይለዋል።

በቀን ብርሃን ፍላሽ ምን ያደርጋል ብሎ የሚስቅ ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ፍላሽ ከማታ ይልቅ በቀን ይበልጥ ያስፈልጋል እላለሁ፤ በተለይም በሐዋሳ ሠርክ፥ ፀሓይ ከኋላ ስትሆን፥ ፊትን ከጥላ የሚያወጣው እርሱ ነው። አብዛኛው ካሜራ ፍላሽን በሙሉ ኃይሉ የሚያሠራው ከሴኮንድ 200ኛ ወይም 250ኛ እጅ ባልበለጠ ፍጥነት ነው። በቀትር ፀሓይ በአይኤስኦ 100 በ250ኛው እጅ ቀዳዳው 11 መሆን አለበት፤ ኋላውን ለማደብዘዝ ወደ 2.8 ልክፈት ያለ ሰው አራት ደረጃ ብርሃን በዛበት ማለት ነው፤ ወይ ብርሃኑን በዚያው ልክ የሚቀንስ ጥቍር ፊልተር ያድርግ፤ ወይ ወደ 4,000ኛው እጅ ወጥቶ ፍላሹን በፈጣኑ ስልት ያሠራ፤ በዚህ ጊዜ ግን የፍላሹ ኃይል እጅግ ይደክማል፤ ቀርቦ ማንሣት ግድ ይሆናል። የፍላሽ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ የሚወርድ ነውና። መጠኑም ከፀሓይዋ አንድ ደረጃ ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ ይበል፤ ፍላሽ መኖሩ ከታወቀ በዝቷል።

የፖላራይዘር ፊልተር የውሃውን ነጸብራቅና በላብ የወዛውን ፊት ብልጭታ ይቀንሳል፤ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ብርሃን ግን ይወስዳል። አሸዋ በነፋስ ሲነሣ ሌንስ አትቀይሩ። በሐዋሳ ደግሞ አባ ኮዳ ከሚባሉት ወፎች ተጠንቀቁ፤ በሙሽራዪቱ ትከሻ ላይ አንገቱን የሚያወጣ አባ ኮዳ በአልበም ውስጥ ለብዙ ዓመት የሚያስቅ ነገር ነው፤ አማቾች ግን አይስቁም።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የብርሃን ልክ የጠፋበትን ሥዕል በኮምፒዩተር ለማዳን በሚል ሰበብ የሙሽራዪቱን ፊት የማንጣት ልማድ በፎቶ ቤቶቻችን ገብቷል። ጠይሚቱ ቀይ ትሆናለች፤ ቀይዋ ደግሞ ወረቀት ትመስላለች፤ እናትዋ አጠገብዋ ቆማ የሌላ ዘር ሰው ትመስላለች። ይህን የሚያደርጉት ደንበኛው ይወድደዋል ብለው ነው፤ የሚወድዱም አሉ። ነገር ግን ያ ካርድ በሸርሊ መልክ የሠራውን በደል እኛ በገዛ እጃችን በገዛ ልጆቻችን ላይ ስንደግመው ማየት ለእኔ አሳፋሪ ነው። ጠይም ፊት ብርሃኑ ልክ ሆኖ ሲነሣ፥ ጕንጩ ላይ ያረፈው ወዝና ከቆዳው ሥር ያለው ቅላት በግልጥ ይታያል፤ ማንጣት የሚያጠፋው በመጀመሪያ ይህንን ነው። ስለዚህ ለደንበኛው የሚያነጣ እጅ ከማበደር አስቀድሞ የተነሣውን በልኩ አድርጎ ማሳየት የሞያችን ግዴታ ነው።

ለወላጆችና ለሙሽሮችም አንድ ልመና አለኝ። ፕሮግራሙን የምታወጡት የአዳራሹን፥ የምግቡንና የዘፋኙን ሰዓት ቈጥራችሁ ነው፤ የውሃ ዳሩም ሰዓት በተረፈው ጊዜ ውስጥ ይጣላል፤ ብዙ ጊዜም 8 ሰዓት ላይ ያርፋል። የጥሪው ወረቀት ከመታተሙ በፊት ፎቶ አንሺውን ጠርታችሁ ጠይቁት፤ የሐዋሳ ሰዎች የሐይቁን ሰዓት 10 ሰዓት ተኩል ላይ አድርጉት፤ በላንጋኖ ምዕራብ ዳር የምትደግሱ፥ ውሃው በፀሓይ ሲያበራ እንዲታይ ከፈለጋችሁ፥ ማለዳውን ምረጡ። እናንተም የሞያ ጓደኞቼ፥ ሰዓቱ ከተቈረጠ በኋላ ከሰርጉ በፊት በነበረው ቀን በዚያው ሰዓት ወደ ስፍራው ሂዱ፤ ፀሓይ የት እንደምትቆም፥ ጥላው የት እንደሚወድቅ አይታችሁ ተመለሱ።